በኋላ ማርሽ እስከ መንደራ ቆጪ

መኪናዋን የገዛሁት ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማልችል ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የምወርድበት ቦታ ሲቃረብ ልቤ መምታት ይጀምራል፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ቃሉ አፌ ውስጥ ሲዞር ቦታው ያልፋል። ሌላ ሰው እስኪያስቆም እጠብቅና አብሬው እወርዳለሁ። ከዚያ የሰፋሁትን ልብስ በፌስታል አንጠልጥዬ በእግሬ እመለሳለሁ። አንዳንድ ረዳቶች ለምደውኝ «እቺ ልጅ እዚህ አይደለም እንዴ የምትወርደው?» ይላሉ። ያኔ ደግሞ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እሱ ይብሳል።

ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ትምህርት አቆምኩና መርፌ ያዝኩ። ቤታችን ጂማ፣ መንደራ ቆጪ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱንም፣ ከፊት ያለችውን የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅም፣ እኔንም የሚያስተዳድረው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ከጓሮ ባለችው ክፍል የሙሽራ ልብስ እሰፋለሁ። ስፌቴን ከአጋሮ እስከ ሸቤ ያውቁታል፤ ፊቴን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሙሽራ ስለካ እንኳ ዓይኔን ከሜትሩ ላይ አላነሳም።

መኪናዋን ያየኋት አጋሮ ልብስ ላደርስ የሄድኩ ቀን ነው። የሙሽራዋ አባት የቡና ነጋዴ ናቸው። ሴቶቹ ልብሱን እየሞከሩ ሲንጫጩ እኔ ሾልኬ ግቢ ወጣሁ። የቡናው መጋዘን በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከጆንያዎቹ ጀርባ አንድ ቀይ ነገር፣ ገለባ ለብሶ፣ መሬት ላይ ተጋድሟል። ቀረብ ብዬ ገለባውን በእጄ ጠረግ ሳደርግ መብራት አየሁ። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት አሮጌ የስፖርት መኪና ናት። የነጋዴው ልጅ ገዝቷት፣ ጥቂት ነድቷት፣ አዲስ አበባ ሲገባ እዚያው ትቷት ሄዷል። ማንም ሳያየኝ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ቡና ቡና ትሸታለች። መቀመጫዋ እስከ ትከሻዬ አቀፈኝ። አጠገቤ የሚጠጋጋ የለም፤ ልውረድ ብል ለማንም መናገር የለብኝም። ከዚያ መቀመጫ ስነሳ ልቤ ቆርጦ ነበር።

በዚያው ሰሞን የእቁብ ተራዬ ደረሰኝ፤ በዚያ ገንዘብ ገዛኋት። መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ ወንድሜ የሱቁን ዕቃ እንዳመላልስለት ብሎ መንዳት ካስተማረኝ በኋላ «ሴት ልጅ ቆርቆሮ ጭና ስትዞር ሰው ምን ይላል» ብሎ የተወው ነገር ነው። ነጋዴው ቁልፉን ሲሰጡኝ አንድ አደራ አሉኝ።

«አውቶማቲክ ናት፤ ካምቢዮዋ እንደ ሌላው አይደለም። ብትቆምብሽ በገመድ እንዳታስጎትቻት። ሞተሯ ጠፍቶ ጎማዋ ረጅም መንገድ ከዞረ፣ ካምቢዮው ዘይት ሳያገኝ ተፋጭቶ ያልቃል። ልጄ ሲሄድ ደጋግሞ የነገረኝ ይህንኑ ነው።»

ወንድሜ መኪናዋን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ።

«ይሄ መኪና ነው ጫማ?» አለ። ዞራት። «ሌሎቹን ሁለት በሮች ለማን ተዉት?»

ቀጥሎ ተቆጣ። ያላገባች ልጅ ቀይ መኪና ነድታ ከቤታችን በር ስትወጣ ጎረቤቱ ምን እንደሚል፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራው፣ መንገድ ላይ ስቆም ማን እንደሚጠራ ዘረዘረ። ግቢ አላስገባም ብሎ በሩን ዘጋ። መኪናዋ ውጭ አደረች። እናቴ በማግስቱ ሽማግሌ ጠራች።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ጫት ቀረበ፤ ዱዓ ተደረገ። ዋናው ሽማግሌ እናትና አባቴን ያጋቡ፣ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያበርዱ፣ ከዘራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ወንድሜ እንዲህ አለ፦

«ይሁን፣ ግቢዬ ትደር። ግን ተበላሽታ በገመድ ተጎትታ እዚህ በር የደረሰች ዕለት ትሸጣለች። ይህ ቃል ይሁንልኝ።»

«ልጅቷስ?» አለ አንዱ።

ዋናው ሽማግሌ ወደ መጋረጃው ዞሩ። እኔ ውስጥ የተሰበሰበው ቃል ብዙ ነበር። የስፌት መኪናዬ ስንት ጊዜ ተበላሽታለች፣ አሠራኋት እንጂ ሽጫት ያለኝ የለም፤ ይህን ልል ነበር። መጋረጃውን ጨብጬ ያዝኩት።

«ዝም አለች» አሉ ሽማግሌው። «ኒካህ ሲታሰር የልጃገረድ ዝምታ እሺታ አይደል? ይህም እንደዚያው ነው።»

ሳቁ፤ ማሳረጊያው ፋቲሃ ተቀራ፤ ተነሡ። እኔም በዝምታዬ ታሰርኩ።

ያን ዓመት በቡና ለቀማ ወቅት ለአንዲት የሸቤ ሙሽራ ልብሷን ይዤላት ሄድኩ። ስመለስ ጥሩ ፀሐይ ነበር። በመንገዱ ዳር ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ያገላብጣሉ። አንድ ዳገት ከወጣሁ በኋላ ያረረ ቡና ሸተተኝ። ማን ነው ቡናውን እንዲህ የሚያሳርር ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ቀጣዩም መንደር ላይ ያረረ ቡና ሸተተኝ። እዚህ አገር ሰው ሁልጊዜ ቡና ይቆላል፤ የትም ብትሄድ ቢሸትህ አይገርምህም። መስኮቱን ዘጋሁ። ሽታው ባሰበት። ያኔ እንኳ አልገባኝም።

ከተማው መግቢያ፣ ሰቶ ሰመሮ ስደርስ ሞተሩ በድንገት ጮኸ። ነዳጅ ረግጬ ነው ብዬ እግሬን አነሳሁ። እንደገና ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች፣ መንገዱ ዳር ቆመች። ማርሹን ወደ ፊት ባደርገው፣ ባወጣው፣ መልሼ ባስገባው ያው ነው። እግር ነዳጁን ይረግጣል፤ ጎማ አይሰማም።

ሰው ተሰበሰበ። ጂማ ላይ መኪና ቆሞ ሰው ሳይሰበሰብ ቀርቶ አያውቅም፤ ቀይ መኪና ሲሆን ደግሞ፣ ውስጧ ሴት ስትሆን ደግሞ!

«እህቴ፣ መሬቱን እየነካች ነው እኮ፤ ቀበቶ ይታሰርላት!»

«ሁለት በር ነው ያላት። ሹፌሩ በአንዱ ይገባል፣ ባንዱ ይሸሻል።»

የኮሌጅ ተማሪዎች ስልካቸውን አወጡ። አንገቴን ደፍቼ መሪውን አየሁ። መስኮቴን አንድ ሰው አንኳኳ። ባለ ባጃጅ ነው፤ ባጃጁን ከፊቴ አቁሞ ወርዷል።

«ምን ሆነች?»

«እምቢ አለች» አልኩ፤ የሰማኝ አልመሰለኝም።

«ገመድ አምጡ!» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «እኔ እጎትታታለሁ። የስፖርት መኪና ጎትቼ አላውቅም፤ ዛሬ ታሪክ ይሠራል!»

ሰዉ ሳቀ። ከአንዱ ሱቅ ገመድ መጣ። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ ሲፈልግ አየሁት። ያ ገመድ መኪናዋን ከነካ ሁለት ነገር እንደሚሆን አውቃለሁ። ካምቢዮው ተፋጭቶ ያልቃል፤ ቤት ስደርስ ደግሞ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ «ቃል ቃል ነው» ይላል። ነገ የሚገዛ ሰው ይመጣል። እኔ ወደ ሚኒባሱ እመለሳለሁ።

«አትሰር!» አልኩ።

ቀና አለ።

«አትጎተትም። ብትጎተት ትሞታለች።»

«ታዲያ እዚሁ ልትኖሪ ነው?»

ቢያንስ ከመንገዱ ፈቀቅ ላድርጋት ብዬ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ። መኪናዋ ዘለለች። ወደ ኋላ! በስተኋላ የቆሙት እየጮኹ ተበተኑ። ፍሬን ያዝኩ። ልቤ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። እንደገና ትንሽ ለቀቅሁላት፤ እንደ ደህና መኪና፣ ያለ ምንም ጩኸት፣ ወደ ኋላ ሄደች። ወደ ፊት ሳስገባ የለችም። ወደ ኋላ ሳስገባ አለች።

መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቤቴ ከፊቴ ነው፤ መኪናዋ ደግሞ ወደ ኋላ ብቻ ነው የምትሄደው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየኝ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ፤ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት።

«አዙሩልኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ግፉና አዙሩልኝ። ኋላዋ ወደ ከተማ ይሁን።»

«ወደ ሸቤ ልትመለሺ ነው?» አለ ባለ ባጃጁ።

«ቤቴ ልሄድ ነው። መንደራ ቆጪ። በኋላ ማርሽ።»

ባለ ባጃጁ ገመዱን ጠቅልሎ ለባለቤቱ ወረወረለት።

«ወላሂ ይሄስ ከመጎተት ይበልጣል!» አለ። «ግፉ!»

ገፉ። መኪናዋ ቀላል ናት፤ እየሳቁ በአንድ ጊዜ አዞሯት። ባለ ባጃጁ ባጃጁን ከመኪናዋ ጭራ ፊት አቆመና መብራቱን አብርቶ መንገድ ሊያስጠርግልኝ ጀመረ። ቢስሚላህ ብዬ ለቀቅሁ።

የኋላዋ መስታወት ጠባብና ዝቅ ያለ ነው፤ ከሰው ጉልበት በላይ አያሳይም። ስለዚህ ጭንቅላቴን በመስኮት ማውጣት ነበረብኝ። ሻሼን አጠበቅሁ፣ አንገቴን አወጣሁ፣ ዞሬ መንገዱን አየሁ። መንገዱን ሳይ ሰዉን ሁሉ አየሁ። የሱቅ በር ላይ የቆመውን፣ ከባጃጅ ውስጥ ያጮለቀውን፣ ጀበና ይዛ የቆመችውን። ሁሉም ያዩኛል። ዓይኔን ወደ መሪው ልመልስ ብል መኪናዋ ወደ ቦይ ትሄዳለች። ስለዚህ አየኋቸው። ሲስቁ አየኋቸው፤ ሲጠቋቆሙ አየኋቸው። ጆሮዬ ጋለ፤ ግን አልቆምኩም።

«ዞር በሉ!» አልኩ። አንድ ፍየል አልዞረም። «ዞር በል!» አልኩ ጮክ ብዬ። ፍየሉ ዞረ። ድምፄ ከመኪናዋ ጥሩንባ እንደሚበልጥ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አደባባዩ ጋ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ወጣት ነው። መጀመሪያ ወደ አፍንጫዋ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ጭራዋ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቤቴ እየሄድኩ።»

«ወደ ኋላ?»

«ወደ ፊት እምቢ አለች።»

«ታዲያ ለምን አትጎተትም?»

«አትጎተትም።»

«ክልክል ነው እኮ እህቴ።»

«ቅጣኝ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። «ቅጣኝና ልሂድ። ገመድ ግን አላስነካትም።»

መንጃ ፈቃዴን አገላብጦ አየ። የኋላው መኪና ጥሩንባ ይነፋል፤ ወይም የፊቱ፤ የትኛው እንደሆነ እንጃ። ባለ ባጃጁ ወርዶ «ወንድሜ፣ እኔ እያጀብኳት ነው» አለው።

«እሺ፣ አራቱንም መብራት አብሪ። ጥግሽን ያዢ። አንተ ከፊቷ ሁን...» ቆም ብሎ መኪናዋን አየ። «ፊቷ የቱ ነው?»

«ወደሚሄድበት!» አለ ባለ ባጃጁ።

ትራፊኩ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ፈቃዴን መለሰልኝና ጀርባውን ሰጥቶን ሌላውን መንገድ ማስተናገድ ጀመረ። ያላየን ሰው ሆነ።

ያረረው ሽታ መለስ ሲል ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኳት። ሞተሯ እንዲቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ጥላው ሥር አቮካዶ የሚሸጡ እናት ነበሩ።

«ኢንታላኮ፣ ማል ታቴ?» አሉ፤ ልጄ፣ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው።

ነገርኳቸው። ቅርጫታቸውን አስጠግተው መኪናዋን በትዝብት ተመለከቷት።

«የኔም ባል እንዲሁ ነው» አሉ። «ወደ ፊት ሲሉት እምቢ ይላል፤ ወደ ኋላ ግን ሳይነገረው ይሄዳል። አትፍሪው፤ መሪውን ብቻ አጥብቀሽ ያዢ።»

ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። አንገቴ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ በእጄ አሸሁትና እንደገና ቀጠልኩ።

መንደራ ቆጪ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። የሰፈሬ ሰው ከየበሩ ወጥቷል። ሰላም ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ የማልፋቸው ሰዎች ናቸው። አሁን በመስኮት ወጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። «ዞር በሉ፣ አደራ፣ ዞር በሉ!» እላለሁ። ዞር ይላሉ። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ተዘግቷል። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁን አጣጥፏል። ከሱቁ የወጣ አዲስ የናይሎን ገመድ ትከሻው ላይ አለ። ለምን እንደያዘው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

የመኪናዋን ጭራ ወደ በሩ አስጠግቼ አቆምኩ።

«በሩን ክፈት!» አልኩ።

ወንድሜ ግራ ቀኝ አየ፤ ሌላ ሰው የተናገረ መስሎት ይሆናል።

«ምን አልሽ?»

«በሩን ክፈት። አልተጎተትኩም።»

«ወደ ኋላ እየተንፏቀቀች መጥታ! ይሄ ከመጎተት በምን ይሻላል? ከተማው ሁሉ ሳቀብን። ነገ ትሸጣለች፤ አለቀ።»

ዋናው ሽማግሌ የከሰዓቱን የዓስር ሶላት ሰግደው ከመስጊድ እየተመለሱ ነበር። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ወንድሜ ሮጦ ተቀበላቸውና ቃሉን አስታወሳቸው። ሽማግሌው መኪናዋን ዞሯት። ጎንበስ ብለው በከዘራቸው ከሥሯ ዳበሱ።

«ገመድ አለ?»

«የለም» አለ ባለ ባጃጁ። «ከሰቶ ሰመሮ እስከዚህ ድረስ እኔ ምስክር ነኝ። በራሷ ሞተር ነው።»

«ኤ፣ እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው ለወንድሜ። «ቃላችን ውስጥ ገመድ ነው ያለው። ፊትና ኋላ አልተባለም።»

«አባባ፣ ግን ታማለች! ማን ሊያሠራት ነው? መንገድ ላይ ደግሞ ብትቆምስ? እህቴ ናት፤ ስልክ ሲደወልልኝ ሱቁን ሳልዘጋ ነው የወጣሁት።»

ይህን አልጠበቅሁትም። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፦

«ልጄ፣ ወንድምሽ ላንቺ አስቦ ነው። መኪናዋም ደክማለች። በስምምነት ብትሸጥ አይሻልም?»

ጠበቁ። ሁሉም ጠበቁ። እዚያ ዝም ብል ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ «ዝም አለች» ይላሉ፣ ፋቲሃ ይቀራል፣ ያልቃል። መስኮቱ ላይ የያዝኩት እጄ መጋረጃ የያዘ መሰለኝ።

«አልሸጥም» አልኩ።

«እ?» እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። «አልሸጥም አባባ። ያን ቀንም እሺ አላልኩም።»

«ያን ቀን ዝም ብለሽ ነበር እኮ።»

«ያን ቀን እርስዎ የጠየቁት መጋረጃውን ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ? አሁን ከጠየቁኝ እነግርዎታለሁ። የስፌት መኪናዬ ስትበላሽ ሽጫት ያለኝ ሰው የለም፤ ይህችም ስትበላሽ ትሠራለች። በሠራሁት ገዛኋት፤ በምሠራው አሠራታለሁ። ትጎተት ካሉኝም እምቢ ነው፤ ትሸጥ ካሉኝም እምቢ ነው። ጌታዬ፣ አላከበርሽኝም እንዳይሉኝ። አክብሬዎት ነው የምነግርዎት።»

እናቴ ከግቢ ውስጥ ሆና ትሰማ ኖሯል። በሩ ሲንቋቋ ሁላችንም ዞርን። ወንድሜን ገፋ አድርጋ አንደኛውን የበር ክንፍ ወለል አደረገችው፣ ቀጥላ ሁለተኛውን።

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተደገፉ። «ሱብሐነላህ» አሉ። «ይህን ድምፅ የት ደብቀሽው ነበር? እኔ እኮ ጆሮዬ ደክሟል፤ እንዲህ ካልተባለ አልሰማም።» ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ሰማህ አይደል? ተጠየቀች፤ መለሰች። ያኛው ፈርሷል። በል ዞር በል፤ ትግባ።»

ወንድሜ ዞር አለ። ወደ መኪናዋ ተመልሼ ጭንቅላቴን አወጣሁና በኋላ ማርሽ ገባሁ።

መካኒኩ መጥቶ የፊቷን መከላከያ ሲፈታ እኔና እናቴ አጠገቡ ቆመን ነበር። ከማቀዝቀዣው መሐል በጣቱ አንድ ነገር ቆንጥሮ አወጣ፤ ከዚያ በእጁ ሙሉ፤ ከዚያ በሳፋ።

«ይሄ የቡና ገለባ ነው» አለ። «ማቀዝቀዣውን ደፍኖታል። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው እዚህ ነው፤ አየር ሲያጣ ፈላ። ወደ ፊት የሚወስደው ክፍል ተቃጥሏል። ወደ ኋላ የሚወስደው ሌላ ነው፤ እሱ ብዙም ስላልሠራ ተርፏል።»

መጋዘን ውስጥ በከረመችባቸው ዓመታት ሁሉ ቡና ሲፈለፈል ገለባው ሲነፍስባት ኖሯል። ቡና ቡና ትሸታለች ብዬ የኮራሁበት ገለባ ነው ያቃጠላት፤ ዳገቱ ላይ ያረረ ቡና የሸተተኝም እሱ ነው። እናቴ ሳፋውን አንስታ ገለባውን ጎመኗ ሥር ደፋችው።

ሌላ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ወሰደ። መኪናዋ በድንጋይ ላይ ተሰቅላ ቆየች፤ ዶሮዎቻችን ሥሯ ጥላ አገኙ። ጎረቤት ሲያልፍ «ጫማሽ ተሠራ ወይ?» ይለኛል። «እየተሰፋ ነው» እላለሁ። ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ በር ላይ ወጥቼ እሰፋ ጀመር፤ ሥራዬ እንዲታይና እንዲበዛ። ወንድሜ በነዚያ ወራት ከሰላምታ ሌላ አላናገረኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ ምን አጥፍቼ? አንድ ቀን ግን መካኒኩ ቡሎን አነሰው። ወንድሜ ከሱቁ ቡሎን ይዞ መጣ፤ ከነዳዶው፣ ልኩን። ሳየው፦

«ለመካኒኩ ነው የሰጠሁት» አለ። «ለመኪናዋ አይደለም።»

«ቶሌ» አልኩት። እሺ ማለት ነው፤ በኦሮምኛ ስንለው ግን ትንሽ ሳቅም አለበት።

በዚያ መሐል ወደ ሚኒባሱ ተመልሼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቦታዬ ሲቃረብ ልቤ መምታት ጀመረ። ፍየሉን አስታወስኩ። «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ ጆሮውን ያዘ። «ኧረ ቀስ፣ አልደነቆርንም!» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ፌስታሌን ይዤ በቦታዬ ወረድኩ።

እንግዲህ ለመውረድ መጮህ ከቻልኩ መኪናዋ ምን ታደርግልኛለች ያለኝ አለ፤ ወንድሜ ነው። ለወሬ ያህል ተናግሮ ዓይኔን ያያል። ስለምወዳት ነው አልኩት። ሌላ ምክንያት ማቅረብ አላስፈለገኝም፤ እሱም ሌላ አልጠበቀም።

አሁን ወደ ፊት ትሄዳለች። ሸቤ ደርሼባት ተመልሻለሁ፣ አጋሮም ደጋግሜ። ዳገት ስወጣ ያረረ ቡና ከሸተተኝ ግን አቁሜ ወርጄ አያለሁ፤ እስካሁን የሰው ቡና ሆኖ ነው ያገኘሁት። አፍንጫዋን ወደ ግቢ ይዤ መግባት እችላለሁ፤ ቀላሉም እሱ ነው። እኔ ግን ማታ ማታ በሩ ጋ ስደርስ አዞራታለሁ። ጭንቅላቴን በመስኮት አወጣለሁ።

«በሩን ክፈት!»

«እንደ ሰው በፊትሽ አትገቢም?» ይላል ወንድሜ ከውስጥ፣ ብረቱን እያንቋቋ።

«አልገባም!»

ይከፍታል። ጥግ ይዞ ቆሞ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ «ና፣ ና፣ ና፣ ግራ፣ በቃ!» እያለ ያስገባኛል። ግራ የሚለው ሁልጊዜ ተሳስቶ ነው። እኔ ቀኝ እይዛለሁ።